ሦስቱ ባዶ ወንበሮች፦ ከልጆቻችን ጋር ወደ ጓሳ ያደረግነው ጉዞ

(በ2011 ዓ.ም. በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከማኅበሩ የሂሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ሊቀመንበራችን «የጓሳውን ጉዞ ሂሳብ አቅርቢ» ስላሉኝ ነው እፊታችሁ የቆምኩት። ሂሳቡ በሩ አጠገብ ተለጥፏል፤ ገቢና ወጪው ይመጣጠናል፣ ደረሰኙም ተያይዟል። እሱን ቁጥር በቁጥር ባነብላችሁ ታንቀላፋላችሁ። እኔ ዛሬ መናገር የፈለግሁት ሂሳቡ ውስጥ የማይታየውን ነው። እንደምታውቁት ንግግር አልለመድኩም፤ ዲፕሎማዬም የሂሳብ አያያዝ እንጂ የአነጋገር አይደለም። ስለዚህ ብደነቃቀፍ ታገሱኝ።

ነገሩ የተጀመረው ከቡና ላይ ነው። አንዷ እህታችን «የከተማ ሰው ልጆቹን ይዞ ፓርክ ይሄዳል፤ የኛ ልጆች ግን ከትምህርት ቤትና ከከብት ጥበቃ ሌላ የት ያውቃሉ?» አለች። አዋሽ ተባለ፣ ሰሜን ተራሮች ተባለ። አዋሽ ለመድረስ አዲስ አበባንና አዳማን ማለፍ አለ። ሰሜን ተራሮች ደግሞ ለትንንሽ ልጆች የቀናት መንገድ ነው። በመጨረሻ አንዲት የመንዝ ተወላጅ እናታችን «ከደጃችሁ የሚገነጠለው መንገድ የት እንደሚሄድ ረሳችሁት?» አሉን። እውነት ነው። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚታጠፈው መንገድ መዘዞንና ሞላሌን አልፎ ጓሳ ያደርሳል፤ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው እኛ መንገዱ ላይ ነን። እኛ ግን በመስኮት የሚያዩትን እንግዶች ስናይ ኖርን እንጂ አንድም ቀን ተከትለናቸው አልሄድንም።

ተቃውሞም ነበር። «ጭላዳማ እዚሁ ገደሉ ላይ አለ፤ ገብሳችንን የሚበላውን ዝንጀሮ ለማየት ነው የሦስት ሰዓት መንገድ የምንሄደው?» ያለችውን ታስታውሳላችሁ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ፤ ለሂሳብ ሠራተኛ ሽርሽር የመጀመሪያው የሚሰረዝ ወጪ ነው። በድምፅ ብልጫ ግን ጉዞው ጸደቀ፤ ጊዜውም በጥር መጨረሻ፣ በትምህርት ቤት የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት እንዲሆን ተወሰነ።

ዝግጅቱ ለእኔ ተሰጠኝ። ባለ 25 ወንበር ቅጥቅጥ በ5,000 ብር ተከራየሁ። ሲካፈል ወንበሩ 200 ብር ይመጣል። ግማሹን ማኅበሩ ከማኅበራዊ ጉዳይ ሂሳብ ይሸፍናል፣ ግማሹን፣ ማለትም 100 ብር፣ አባሏ ትከፍላለች። ልጅ በጭን አይቀመጥም፣ እያንዳንዱ የራሱ ወንበር አለው አልኩ። ቀጥዬም የልጆች ደኅንነት ዝርዝር ጻፍኩ። የጓሳ ከፍታ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ጥር ደግሞ የውርጭ ወር ነው። ስለዚህ «ማንኛውም ልጅ ድፍን ጫማ፣ ካልሲ፣ ሹራብና ኮፍያ ሊኖረው ይገባል፤ ይህን ያላሟላ አይሳፈርም» ብዬ ጽፌ በስብሰባ ላይ አነበብኩት። በዝርዝሩ ኮርቼበት ነበር። ዛሬም ቢሆን ዝርዝሩ ስህተት አልነበረም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

9 እናቶችና 13 ልጆች ተመዘገቡ። 22 ሰው ማለት ነው። ሦስት ወንበር ባዶ ቀረ፤ የጎደለውን 300 ብር ከመጠባበቂያ ሞላሁት።

የጉዞው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት መኪናው ጋ ተሰበሰብን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ስም እየጠራሁ ልጆቹን ሳሳፍር፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ የሰባት ዓመት ያህል ልጅ ነጠላ ተከናንቦ ቆሞ አየሁ። የአባላችን ልጅ እንደሆነ አውቄዋለሁ። እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ ነው። የተጠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ያያል። እኔም ዝርዝሬን አየሁ፤ ስሙ የለም። «እናቱ አልከፈለችም ማለት ነው» አልኩና በሩን ዘጋሁ። መኪናው ሲነሳ ከኋላ ያሉት ሦስት ወንበሮች ባዶ ነበሩ። ልጁ እጁን አወዛወዘልን።

ይህን የምናገረው እናቱን ፈቃድ ጠይቄ ነው። እዚሁ ተቀምጣለች።

መንገዱ ኮረኮንች ነበር፤ ሦስት ሰዓት ያህል ወሰደብን። ገና መዘዞ ሳንደርስ ሁለት ልጆች አስመለሳቸው። ከዚያ ፀሐይ ወጣችና ሜዳው ተገለጠ። ጓሳ ማለት የሣሩ ስም ነው፤ ቦታው ስሙን ያገኘው ከሱ ነው። እንደ ፀጉር ተነባብሮ ጉብ ጉብ ያለ ረጅም ሣር፣ በመካከሉ አስታና እንደ ምሰሶ የቆመ ጅብራ። ልጆቹ ጅብራውን «የፈረንጅ ቆጮ» አሉት። ከማን እንደሰሙት አላውቅም።

መጀመሪያ ያገኘናቸው ጭላዳዎችን ነው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ምግቡ በአብዛኛው ሣር ነው፤ በመቀመጫው ተቀምጦ በሁለት እጁ እየነጨ ይበላል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። ይህን አስጎብኚው ሲነግረን እናቶች እርስ በርሳችን ተያየን። ስንቶቻችን ነን በየቀኑ የምናባርረው እንስሳ ከአገራችን ውጪ እንደሌለ የምናውቅ?

ከልጆቹ አንዱ፣ ስምንት ዓመቱ ነው፣ የገብስ ጠባቂ ነው። መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ኪሱ ውስጥ ወንጭፍ እንዳለ አይቼ ነበር። አንዲት ጭላዳ ግልገሏን በጀርባዋ አዝላ ከእኛ አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ እየነጨች ስታልፍ ልጁ በሹክሹክታ «እነዚህ ለምን አይሸሹም?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚው «የሚወረውርባቸው ስለሌለ ነው» አለው። ልጁ ዝም አለ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቁጭ አለ። እንዲህ ቀርቦ አይቷቸው አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ጀርባቸውን ነው።

እህቶቼ፣ ይህን ስል ገብሳችንን ይብሉት ማለቴ አይደለም። እርሻዋ በአንድ ጠዋት የተነጨባት እናት በውብ ዕይታ አትጽናናም። ልጆቻችንም ማሳ ሲጠብቁ ከትምህርት የሚቀሩበት ቀን ቀላል አይደለም። የምለው፣ ልጅ አንድን ነገር በጠላትነት ብቻ ካወቀው ግማሹን ነው ያወቀው።

ቀይ ቀበሮ ለማየት ዕድል ይጠይቃል። በመላው ኢትዮጵያ አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም ይባላል፤ እሱም ከአገራችን ውጪ የለም። እኛ ያየነው አንድ ብቻ ነው፤ ደግሞም በጭላዳዎቹ መካከል። ከመንጋው ውስጥ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ እነሱም ቀና ብለው አይተውት ሣራቸውን ይነጫሉ። እዚያው ጓሳ ላይ የተደረገና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የወጣ ጥናት እንዳለው፣ ቀይ ቀበሮ ብቻውን ሆኖ አይጥ ለመያዝ ሲሞክር ከመቶ 25 ያህሉ ይሳካለታል፤ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲሞክር ግን ከመቶ 67። ለዚህ ነው ጭላዳዎቹን የማይረብሸው። እነሱም ያን ስለለመዱ አይሸሹትም። አንዷ እናት «እሱም ማኅበር ገብቷል በሉኛ!» አለች። የቀኑ ትልቁ ሳቅ ያ ነበር።

አሁን ስለ ቦታው ባለቤት ልናገር፤ ምክንያቱም ለማኅበራችን ትልቁ ትምህርት እዚያ ነው ያለው። ጓሳ እንደ አዋሽ ወይም እንደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። የአካባቢው ሕዝብ የሚጠብቀው ቦታ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሕዝቡ የቄሮ ሥርዓት በሚለው ሕግ ሲጠብቀው 400 ዓመት ያህል እንደሆነው ይነገራል። በአፈ ታሪክ መሠረት አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች መሬቱን ተካፈሉ፤ ዘሮቻቸው በአጽመ ርስትነት ያዙት። በየወገኑ አባ ቄራ የሚባል ኃላፊ ይመርጡ ነበር። ሣሩ ይዘጋ ነበር፤ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት። በዚያ ጊዜ ማጨድም ማሰማራትም አልነበረም። የደረሰ ጊዜ አባ ቄራው የሚከፈትበትን ቀን ያውጅ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ በበጋው ወራት፣ የካቲት ግድም ነበር። ያኔ ታጭዶ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ፣ ለፍራሽ ይሆን ነበር፤ ከብቱም ይገባ ነበር። ክረምት ሲጀምር ሐምሌ 5፣ በሐምሌ አቦ፣ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። ሕጉን የጣሰ ብርቱ ቅጣት ነበረበት።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ርስቱ ቀረ፣ ከርስቱም ጋር ሥርዓቱ ላላ። ሣሩም ጭራሮውም ያለ ወቅቱ ይወሰድ ጀመር። በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ በየቀበሌው መተዳደሪያ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰው። እንግዶች የሚያርፉበት ቤትና አስጎብኚዎችም ኖሩት።

እኔ ይህን ስሰማ የታየኝ የኛው መጠባበቂያ ሂሳብ ነው። በየስብሰባው «ባንክ የተቀመጠው ብር ምን ይሠራል? እንካፈለው» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ያልታጨደ ሣር ለማያውቅ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። ሥራውን ግን እየሠራ ነው፤ ሥሩ እየበዛ፣ ውኃ እየያዘ ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር ልብ በሉ። ጓሳ ለዘላለም አይዘጋም። ቀኑ ሲደርስ ይታወጃል፣ ይከፈታል። የሚዘጋው እንዲከፈት ነው። መቼ እንደሚዘጋ ብቻ የሚያውቅ ሂሳብ ያዥ ግማሽ አባ ቄራ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ግማሽ ነበርኩ።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ።

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በኋላ እናቱ ወርሃዊ ቁጠባዋን ልታስገባ መጣች። ደረሰኝ እየቆረጥኩላት፣ ያው ለማጽናናት ብዬ፣ «100 ብሩ ከብዶሽ ከሆነ ብትነግሪኝ እኮ በሁለት ጊዜ ትከፍዪው ነበር» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ብሩንማ አስቀምጬለት ነበር፤ ሹራብና ካልሲም ከአክስቱ ልጅ ተውሼለት ነበር። ጫማውን ግን ከየት ላምጣ? ድፍን ጫማ የሌለው አይሳፈርም ብለሽ አነበብሽ። እኔም ከመኪና ላይ ከሚያወርዱብኝ ብዬ አላስመዘገብኩትም። ሌሊት ተነስቶ የሄደው ሳላየው ነው» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ከከፈሉት ተርታ ያልነበረው ባለመክፈሉ መስሎኝ ነበር። ያስቀረው ግን እኔ ለልጆቹ ደኅንነት ብዬ የጻፍኩት መስመር ነው። ዝርዝሩ ልጅ ከብርድ ይጠብቃል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ምን እንደሚያስፈልግ ጽፌ፣ ከየት እንደሚገኝ ሳልጽፍ ቀረሁ። ያላት ታሟላለች፣ የሌላት ደግሞ ዝም ትላለች። ዝም ያለችውን እኔ «አልተመዘገበችም» ብዬ መዘገብኳት።

ያን ዕለት ማታ ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ። ሦስት ባዶ ወንበር በ200 ብር፣ 600 ብር ነው። ይህን ገንዘብ አየር አስቀምጠን ጓሳ አድርሰን መልሰነዋል። አንድ የልጅ ጫማ 250 ብር፣ አንድ ሹራብ ከሰልባጅ 80 ብር፤ ድምሩ 330። በ600 ብር አንድ ልጅ ከእግር እስከ አንገት ለብሶ 270 ብር ይተርፋል። ሁለተኛውን ልጅ ለማልበስ የሚጎድለው 60 ብር ብቻ ነው። ሂሳቤ ተመጣጥኗል ያልኳችሁ ያ ሂሳብ ነው።

አሁን በሚቀጥለው ዓመት ለምትሄዱ እናቶች ያየነውን ባጭሩ ልንገራችሁ።

አንደኛ ከፍታው ነው። እኛ የጣርማ በር ሰዎች ብርድና ከፍታ ለምደናል። ከእኛ ጋር ግን ከሸዋ ሮቢት ለዕረፍት አክስታቸው ዘንድ የመጡ ሁለት ልጆች ነበሩ። ከቆላ ተነስተው ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጡ አንዷ ራሷን ያዛት፣ ምግብ አስጠላት። አስቀምጠን ውኃ በትንሽ በትንሹ ሰጠናት፣ እንዳትሮጥ ከለከልናት፤ ተሻላት። ባይሻላት ኖሮ ጉዞውን አቁሞ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ እንጂ «ይለቃታል» ብሎ መጠበቅ አይገባም። ከቆላ የመጣ ልጅ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን እዚህ ቢያድር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ጠዋት ውርጭ፣ ቀን ደግሞ የሚያቃጥል ፀሐይ ነው። ብርዱን ፈርተን የፀሐዩን ነገር ረሳነው፤ የትንሿ ልጄ ጉንጭና አፍንጫ ተላጠ። ልብሱ ተደራራቢ ይሁንና እየሞቀ ሲሄድ የሚወልቅ ይሁን፤ ኮፍያው ግን አይውለቅ።

ሦስተኛ ምግብ። መንገድ ላይ የሚያስመልሰውን ልጅ ከመነሳቱ በፊት ወተት አታጠጡት። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድንች ቅቅል በቂ ነው። ፌስታል ግን ይዛችሁ የሄዳችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ። ከብትም የዱር እንስሳም ይበላዋል፤ ፌስታል በልቶ የሞተ ከብት ያላየ ከእኛ መካከል የለም።

አራተኛ እንስሳቱ። ለጭላዳ ምግብ አትስጡ። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ቢያሳያችሁ እየሳቀ አይደለም፤ «ራቁ» ማለቱ ነው። ልጆች ደግሞ መልሰው ጥርሳቸውን ያሳዩታል! ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማለት ነው፤ መሮጥ የለም። ውሻም አብሮ አይሂድ። ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ የእብደት በሽታ ነው።

አምስተኛ ሰዓቱ። ትንሽ ልጅ ከሦስት ሰዓት በላይ አይችልም። እኛ ከሰባት ሰዓት በኋላ ያሳለፍነው ጊዜ ልቅሶና እሹሩሩ ብቻ ነበር። በጠዋት ደርሶ ምሳ በልቶ መመለስ ይበቃል። ሁሉን ካላሳየሁ አትበሉ። ልጄ እስካሁን የምታወራው ስለ ቀይ ቀበሮው ሳይሆን ቁራ የአንዱን ልጅ ዳቦ ስለ ነጠቀበት ነው።

በመጨረሻ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ጉባኤው ይወስን።

የመጀመሪያው፣ ማኅበሩ የልብስ ሣጥን ይኑረው። ስድስት ጫማ በተለያየ ቁጥር 1,500 ብር፣ አሥር ሹራብ 800 ብር፣ ጠቅላላ 2,300 ብር ነው። ለዘንድሮው ጉዞ ከማኅበራዊ ጉዳይ ካወጣነው 2,500 ያነሰ ነው። ለጉዞ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ለፈተና ሲሄድ፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ ይዋሳል፣ ታጥቦ ይመለሳል። መዝገቡን እኔ እይዛለሁ፤ ማን እንደተዋሰ ግን በስብሰባ አይነበብም።

ሁለተኛው፣ ምዝገባው ሲያበቃ ባዶ ወንበር ካለ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ለአባላት ልጆች ሁሉ ይታወጅ። እንደ ጓሳው፣ ቀኑ ሲደርስ ለሁሉም ይነገር።

ሦስተኛው፣ ከአሁን በኋላ ማንኛውም «ሊኖረው ይገባል» የሚል መስመር ስንጽፍ፣ ከጎኑ «የሌለው እዚህ ያገኛል» የሚል መስመር ይጻፍ። ይህ ለቁጠባውም፣ ለብድሩም፣ ለስልጠናውም ይሠራል። ለደጋፊዎቻችንም በትህትና የማሳስበው ነው፤ ለእርዳታ የምታስቀምጡት መሥፈርት ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ዝም ብላ የምትቀረውን እናት አንዳንዴ እናንተም አታዩዋትም።

ያ ልጅ አሁን ጫማ አለው። የገዛሁለት እኔ አይደለሁም፤ እናቱ ዶሮ ሸጣ ነው የገዛችለት። ባለፈው እሁድ መንገድ ላይ አገኘሁትና «በሚመጣው ጥር ትሄዳለህ» አልኩት። «ጫማው ያኔ ይጠበኛል» አለኝ። ልጁ ከእኔ የተሻለ የሂሳብ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ ነው ሣጥኑ ውስጥ የተለያየ ቁጥር ይኑር የምለው።